ለአያቶች የተከለከለ

ብራጊን ከሴልፎስ አውቶቡስ ማቆሚያ ስወስደው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። የግራ ዓይኑን ሞራ ሬይክያቪክ ላይ አስገፍፎ በፕላስቲክ ሸፍነውለታል። የቀኝ ዓይኑም ተራ እየጠበቀ ነው። ደረቱ ላይ አንድ ካርቶን አቅፏል። መንዳት ስለማይችል እሱን የማድረስ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ልጄ ሱኔቫ ደውላ "አባዬ፣ መቼም ወደዚህ መምጣትህ አይቀርም፣ ብራጊንም ይዘኸው ና" ስትለኝ እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ብራጊ የባሏ የቱሚ አባት ነው። የሁለታችን የልጅ ልጅ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሆፕን ከተማ ክርስትና ይነሳል፤ ስሙም የሚታወቀው ያኔ ነው።

እኛ ዘንድ የሕፃን ስም ከክርስትናው በፊት አይነገርም፤ መጠየቅም ነውር ነው። ሦስት ወር ሙሉ "ልጁ" ሲባል ይከርማል። ልጁ እንዴት አደረ፣ ልጁ ጠባ ወይ ይባላል እንጂ ስም የለም። ስለዚህ አያት የተባለ ሁሉ ሦስት ወር ሲገምት ይሰነብታል። እኔ ከሁሉም ብሻለሁ። ስሜ ኦርኖልፉር ነው። የአባቴ አባትም ኦርኖልፉር ነበር፤ ስሙን የወረስኩት ከእሱ ነው። ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት፤ እሷም የወለደችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ ልጅ ስሜን ካልወሰደ የሚወስደው ሌላ ሰው የለም፤ አብሮኝ መቃብር ይወርዳል።

ብራጊ ግን በስሙ የተጠሩ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ሁለት ብራጊዎች አሉት። ገና ከከተማው ሳንወጣ ስልኩን አውጥቶ "እስቲ ተመልከት" አለኝ። አንደኛው ኮፐንሃገን ያለው ቀዩ ብራጊ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትንሹ ብራጊ፣ ኳስ ተጫዋች። እየነዳሁ ነው አልኩት። እሱ እንደሆነ በዚያ ዓይኑ ፎቶውን አያየውም፤ የቱ ጋ የቱ እንዳለ በቃሉ ያውቀዋል። በሁለት የጠገበ ሰው ሦስተኛውንም ሲመኝ ማየት ቆሽቴን አሳረረው።

"ካርቶኑ ምንድነው?" አልኩት፤ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

"ናፕኪኑ ነዋ። የልጁ ስም የታተመበት። ሱኔቫ ከማተሚያ ቤት ተቀብለህ አምጣልኝ ብላኝ።" ካርቶኑን መታ መታ አደረገው። "ላዩ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብብ እስቲ። ማተሚያ ቤት ያለው ሰውዬ ሲያነብልኝ በሳቅ ሊሞት ነበር።"

በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ ለአያቶች የተከለከለ።

እኔ አልሳቅኩም። ስሙን ተማምናበት በእጁ የሰጠችው ለእሱ ነው። ለእኔ የሰጠችኝ ሥራ በረዶ መልቀም ነው። ለክርስትናው ውሃ ከበረዶ ግግሩ ሐይቅ አንድ ቁራጭ በረዶ በድስት ይዘህልኝ ና፣ ልጁ እንዳይደነግጥ ግን እዚሁ እስክትደርስ መኪናው ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጠህ ለብ አድርገው ብላኛለች። እሺ፣ በረዶ። ሰባ አንድ ዓመት ኖሬ ድስት ተሸካሚ ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ስትተኛ ስሙ እንዲወሰድለት የሚፈልግ ሙት በሕልሟ ይመጣል፤ ገብቶ ይቀመጣል፣ ማደሪያ ይጠይቃል። እምቢ ማለት ለልጁም አይበጅም ይባላል። እኔ ታዲያ በመጋቢት ወር ሱኔቫ ጋ ደውዬ አያቴ ኦርኖልፉር በሕልሜ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ "የማድርበት አጣሁ" አለኝ ብዬ ነገርኳት። አልመጣም። እንኳን አያቴን፣ ከበጋ ጀምሮ ምንም ሕልም አላየሁም።

ሱኔቫ ግን "አባዬ፣ ሕልሙ ለአንተ አይደለም የሚታየው፣ ለእናትየው ነው" አለችኝ። "እኔ ደግሞ የራሴን አይቻለሁ።"

ማንን እንዳየች አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነውር ነው።

ቪክ ስንደርስ ነዳጅ ማደያው ላይ ቆምን። ብራጊ ቋሊማ በዳቦ አዘዘ፣ ከተጠበሰው ሽንኩርትም ከጥሬውም አስደረገ፣ ባሕሩን እያየ ሳይሆን እየሰማ በላ። ከዚያ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ። ካርቶኑ መኪናው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ዙሪያዬን አየሁ። ኮረብታው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን በቀር የሚያየኝ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ሩቅ ናት። ካርቶኑ በፕላስተር ታሽጓል፣ ፕላስተሩን ብነካው ያስታውቃል። የመኪናውን ቁልፍ አውጥቼ ከታች በኩል፣ ጥግ ላይ ወጋሁት። ቀዳዳውን በጣቴ አሰፋሁና ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ነጭ ወረቀት፣ ሰማያዊ ጽሑፍ። የመጀመሪያዋ ክፍል ብቻ ነው የምትታየው፦ "ብራ" ትላለች። ሌላው እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል።

ብራ። ምን ይቀረዋል ታዲያ።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ጋለ። የሱኔቫ ሕልምም ወዲያው ተፈታልኝ፦ የብራጊ አያትም ብራጊ ነበር፤ ከሞተ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፤ በሕልም ለመምጣት ሙሉ መብት አለው። መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ የፈጠርኩትን ሕልም እሱ በእውነት አደረገው። ሦስት ብራጊ። አንድ መርከብ ሊሞሉ ነው።

ብራጊ ተመልሶ ገባና የደረቀ ዓሣ ከነቅቤው አወጣ። "እንካ" አለኝ። አልራበኝም አልኩት። ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ከቪክ በኋላ መንገዱ በጥቁር አሸዋ ሜዳ ላይ እጥፋት ሳይኖረው ይሄዳል፤ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ያወራል። ብራጊ አወራ። ስለ መርከብ ሞተር፣ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ስለ ሐኪሙ። እኔ እም፣ እም እላለሁ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"እኔ የምልህ ኦርኖልፉር፣ ዛሬ ደስ ብሎህ የምታድር አንተ ነህ።"

"ለምን?"

"በረዶውን ለማን ብላ ነው የምታስመጣው? ስሙ ያንተ ባይሆን እዚያ ድረስ በረዶ ታስለቅምሃለች? እኔማ ከገባኝ ቆይቷል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሬይክያቪክ ጀምሮ ሆዴ እያረረ ነው የመጣሁት።"

ካርቶኑን አቅፎ እንዲህ ሲለኝ እያሾፈ ነው ብዬ አሰብኩ። የሚያቅፈውን የማያውቅ ይመስል። ነዳጁን ረገጥኩት።

ከሐይቁ ሃያ ደቂቃ ሲቀር፣ የበረዶ ግግሩ ከተራራው ወርዶ መንገዱ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ቦታ ላይ፣ ቀይ ጣራ ያለው የገበሬ ቤት አለ። እዚያ ቤት ፊት ስደርስ ሁልጊዜ አፈጥናለሁ። ሚስቴ የነበረችው ኤርላ ሱኔቫን በሰባት ዓመቷ ይዛብኝ የሄደችው እዚያ ቤት ነው። ባልየው በጎች ያረባ ነበር፣ በበጋ ደግሞ እንግዶችን ግግሩ ላይ ያወጣል። እኔ በዚያ ዘመን የጭነት መኪና እየነዳሁ በሳምንት አንድ ሌሊት እቤቴ ካደርኩ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን አልክድም። ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ስሙንም ሠላሳ ሁለት ዓመት በአፌ አንስቼው አላውቅም። "የእናትሽ ባል" ነበር የምለው፣ ካስፈለገም "ያ ሰውዬ"። ሱኔቫ ትንሽ ልጅ ሆና ስለ እሱ ልትነግረኝ ስትጀምር ሬዲዮ እከፍት ነበር።

"ቀስ በል እስቲ" አለኝ ብራጊ። "ቤቱ እዚህ ጋ አይደል?" ከዚያ የሰውየውን ስም ጠርቶ ደግ ሰው እንደነበር፣ ቱሚ ሱኔቫን ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ የራሱን ቦት ጫማ አውልቆ ለቱሚ እንደሰጠው ተረከልኝ። ሬዲዮ ከፈትኩ።

ሐይቁ ጋ አልቆምኩም፤ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ከግግሩ የተቆረሰው በረዶ በወንዙ ወደ ባሕር ይወጣና ማዕበሉ መልሶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይተፋዋል። ትናንሹን ቁራጭ የሚለቅሙት እዚያ ነው። ሱኔቫ ስድስት ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በጭነት መኪናዬ ይዣት መጥቼ ነበር። አንዲት ብርጭቆ የመሰለች ቁራጭ አንስቼ አፏ ውስጥ ከተትኩላት፤ "ሺህ ዓመት የቆየ ውሃ ነው፣ እንዳታኝኪው" አልኳት። የእኔና የልጄ ትዝታ ብለው የሚጠይቁኝ ቢኖር ይህችን ነው የማወጣው። እሷ ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም።

ብራጊ እኔም ልምረጥ ብሎ ወረደ። "አንተ አንድ፣ እኔ አንድ፣ ድስቱ ውስጥ ይቀላቀሉ" አለ። ቃሉ ራሱ አናደደኝ። ስሙን ወሰድክ፣ ናፕኪኑን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ውሃው ውስጥ ልትገባ።

"እንደፈለግክ" አልኩት።

እጆቹን ዘርግቶ ወደ ውሃው ጫፍ ሄደ፣ አንድ ቁራጭ ላይ ጎንበስ አለ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ማዕበሉን አየሁት። ከሌሎቹ ከፍ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይመጣል፤ እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ የቱ እግር እንደሚያረጥብና የቱ ሰው እንደሚወስድ ለይቼ አውቃለሁ። አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። ሦስት ብራጊ የሚል ሐሳብ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው።

ወገቡ ድረስ መታው። ተንገዳግዶ በጉልበቱ ወደቀና ውሃው ሲመለስ ይስበው ጀመር። ያኔ እግሬ ተፈታ። ሮጬ ኮሌታውን ያዝኩት፣ ሁለታችንም አሸዋው ላይ እየተንፏቀቅን ወጣን። የመጀመሪያ ሥራው የዓይኑን መሸፈኛ መዳበስ ነበር፤ ሐኪሙ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ብሎታል። ደረቅ ነው። ከዚያ ሳቀ። በግራ እጁ ጡብ የምታክል በረዶ እንደያዘ ነው።

"አዳንከኝ ሰውዬ" አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "አላየሁትም እኮ።"

"እኔም አላየሁትም" አልኩት።

ይህን ስል የተሰማኝን አልረሳውም። የተናገርኩት ተራራ የሚያህል ውሸት ነው፤ ከሕልሙም ይብሳል። ሻንጣዬን ከፍቼ ለቤተ ክርስቲያን የያዝኩትን አዲሱን ሱሪዬን ሰጠሁት። እኔ የለበስኩት የመንገድ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቢያረጅም እስከ ታፋዬ ብቻ ነው የረጠበው፤ ቶሎ ይደርቃል አልኩ። ብራጊ መኪናው ውስጥ እየተቁነጠነጠ ለበሰው፤ ሁለት ጣት ያጥራል። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አፉን ወደ እሱ እግሮች አዞርኩት። ድስቱ ከሁለት በረዶው ጋር ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። እዚያ ብርድ ነው፤ አውቄዋለሁ፤ ግን ሽማግሌ እየተንቀጠቀጠ ውሃ አይሞቅም።

ከዚያ እስከ ሆፕን ድረስ እሱን እንቅልፍ ወሰደው፣ ካርቶኑ ጭኑ ላይ፣ የወጋሁት ቀዳዳ ወደ እኔ ዞሮ። አሁንም ቀናሁበት። ነፍሱን ላሳጣው ደርሼ፣ ሱሪዬን አልብሼው እንኳን ቅናቱ አልወጣልኝም። ሰው እንዲህም ይሆናል።

ወደቡ ላይ የዓሣ ጀልባዎቹ ባንዲራ ሰቅለዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሱኔቫ ልጁን ይዛ ቆማለች፤ ረጅሙ ነጭ የክርስትና ቀሚስ ከክንዷ ወርዶ ጉልበቷን አልፏል። የብራጊን ሱሪ አየች፣ የእኔን ሱሪ አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ቱሚ መጥቶ አባቱንና ካርቶኑን ወሰደ፣ ድስቱንም ወሰደ። በረዶው ከአንዲት ስስ ቁራጭ በቀር ቀልጧል።

"ና ወዲህ አባዬ" አለች ሱኔቫና ልጁን እጄ ላይ አኖረችው። "የምትይዘው አንተ ነህ። ቄሱ ሲጠይቁ ስሙን የምትናገረውም አንተ ነህ።"

ለአንድ አፍታ ምድርና ሰማይ የእኔ ሆኑ። ክርስትና የሚያነሳው ነው የሚናገረው፤ ታዲያ የማን ስም ቢሆን ነው ለእኔ የተሰጠኝ? ከዚያ ቀዳዳው ትዝ አለኝና ደስታዬ ሟሸሸ። ብራጊ ብለህ ጩህ ልትለኝ ነው። ሱሪዬን የለበሰውን ሰውዬ ስም በአፌ ልታስጠራኝ ነው።

ተጠግታ በጆሮዬ ነገረችኝ። "ብራንዱር።"

በመጀመሪያ አልገባኝም። የኤርላ ባል ስም መሆኑን ለመረዳት ያንን ስም ራሴ ውስጥ ከጣልኩበት መፈለግ ነበረብኝ።

"በየካቲት በሕልሜ መጣ" አለች። "ቦት ጫማው ረጥቦ በር ላይ ቆመ። ግባ ስለው፣ ኦርኖልፉር ቅር ካላለው ነው አለኝ።"

ቀኑን ሙሉ የተቃጠልኩት በተሳሳተ ሰው ነበር።

"ቱሚም ሊለው ይችል ነበር" አለች፣ የልጁን ቀሚስ እያስተካከለች። "ግን አንተን አውቅሃለሁ። ዛሬ ካላልከው እስክትሞት ድረስ ልጄን 'ልጁ' እያልክ ነው የምትኖረው። በረዶው ደግሞ የአንተ ነው። ሺህ ዓመት የቆየ ውሃ ነው፣ አላኘክሁትም።"

ይህን ብላ ገባች። እኔም ገባሁ። ምን ላድርግ፣ ልጁ እጄ ላይ ነው። ታስታውሰዋለች። ስድስት ዓመት ሳይሞላት የሰጠኋትን ታስታውሰዋለች፤ ግን ለእኔ ውሃ፣ ለእሱ ስም። ውሃው ማታ ላይ ደርቆ ይጠፋል፤ ልጁ ሰማንያ ዓመት ብራንዱር ሲባል ይኖራል። ፊት ወንበር ላይ ኤርላ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ነጭ። ቀና ብላ አላየችኝም። ከጀርባዋ ብራጊ፣ በአጭሩ ሱሪ፣ ጆሮውን አቁሞ።

መዝሙሩ አለቀ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሮአቸውም ከበድ ይላል። የማጥመቂያው ሳህን ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ሕፃኑ ማን ይባል?" አሉኝ።

ኦርኖልፉር ማለት ይቻል ነበር። ቄሱ የሰሙትን ነው የሚያጠምቁት። አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሱኔቫ ብትጮህ ኤርላ ብትነሳ ውሃው አንዴ ፈስሷል። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ የመጀመሪያውን ድምፅ እንኳን ሳላወጣው አልቀረሁም። ልጁ አየኝ። የሱኔቫ ዓይን ነው፤ ሬዲዮ ስከፍትባት ዝም ብላ ታየኝ የነበረው።

"ብራንዱር" አልኩ።

"ማን?" አሉ ቄሱ፣ ጆሮአቸውን አስጠግተው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አንዴ ያላልኩትን ሁለት ጊዜ ሊያስብሉኝ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ብራንዱር!" አልኩ፤ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ኤርላ ቀና ብላ አየችኝ። ከጀርባዋ ብራጊ "አሃ" ሲል ሰማሁት፣ ትንፋሹ እንደወጣለት ሰው፤ ለካ እውነቱን ነበር፣ እሱም ሲያርር ነው የዋለው።

ቄሱ ውሃውን በእፍኛቸው ዘግነው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አናቱ ላይ አፈሰሱት። ለብ አላለም ነበር፤ ብርዱን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። ልጁ አፉን ከፍቶ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። አንገቱን ደግፌ ደረቴ ላይ አስጠጋሁትና "አይዞህ፣ ብራንዱር" አልኩት፤ ሦስተኛዬ ነው። ስሙ የዚያ ሰውዬ ይሁን። መጀመሪያ ያስለቀሰው ግን የእኔ በረዶ ነው።